አያ ቦጋለ የባና ቤት ካፖ የሆነ ጊዜ

አያ ቦጋለን እኔ አላየሁትም። ያዩት ሰዎች ሲያወሩ የሰሙ ሰዎች ናቸው ያወሩልኝ። በመካከል የጨመሩበት ነገር ካለ ኃላፊነቱ የነሱ ነው፤ እኔ የጨመርኩት ትንሽ ነው።

አገሩ ጓሳ በር ነው። ጓሳ በር ደግሞ ብርዱ አጥንት የሚቆረጥም ደጋ ስለሆነ ሰዉ ያለ ባና አያድርም። ባና ማለት ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራሙ ብርድ ልብስ ነው። ጠጉሩን ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። አያ ቦጋለም ሸማኔ ነበር። ሸማኔ ነበር የምንለው እንግዲህ ሌላ የምንለው ስለጠፋን ነው። አባቱ እጀ ወርቅ የተባለ ባለሙያ ነበር፤ ልጁ ግን ከአባቱ የወረሰው የሽመና ጉድጓዱን ብቻ ነው። የሱ ባና ከአንደኛው ጫፍ ሰፋ ብሎ ይነሳና ወደ ሌላኛው እየጠበበ ሄዶ መቀነት ሊሆን ምንም አይቀረውም። የገዛው ሰው ሲተኛ ወይ ትከሻውን ወይ እግሩን መምረጥ ነበረበት።

አንድ ጊዜ ጎረቤቱ ባናውን ተሸክሞ ተመልሶ መጣ።

«አያ ቦጋለ፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ? ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ሲገባብኝ አደረ!»

አያ ቦጋለ ባናውን ወደ ብርሃን አንስቶ አገላብጦ አየው። ወዲያ ማዶ ያለው ተራራ በባናው ውስጥ አልፎ ይታያል።

«ምስጋና የማታውቅ ሰው! የገባው ነፋስ መውጫ እንዳያጣ ብዬ ይህን ሁሉ ቀዳዳ የተውኩልህን አታይም?»

ውጭ እንዲህ ቢፎክርም ቤቱ ሲገባ አፉ ይያዛል። ሚስቱ አትጠገብ በፈትል አገር ያደነቃት ሴት ናት፤ የፈተለችውን እሱ ሲያበላሸው እያየች ዕድሜዋን ፈጀች። አንድ ቀን ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ ሲሸምን ስታየው ከቆየች በኋላ፣ «እንዲህ ልታደርገው በጉ ላይ ቢቀር ምን ነበረበት?» አለችው።

«ምነው፣ አባቴም እንዲሁ ነበር የሚሸምነው» አለ አያ ቦጋለ ተቆጥቶ።

«አባትህማ ዓይናቸውን ከታመሙ በኋላ ነው።»

ይህን ራሱ ነው በየደረሰበት እየሳቀ የሚያወራው።

ጣልያን አገሩን የያዘ ጊዜ ጓሳ በር ላይ ካፒታኖ ቤርቶሊ የሚባል ሹም ተቀመጠ። ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም ይላሉ። አመሉ ሁሉንም አውቃለሁ ማለት ብቻ ነበር። ነገር ግን በግቢው በር አጠገብ ሰው ታስሮ የሚገረፍበት ግንድ ተተክሎ ስለነበር፣ አታውቅም የሚለው ሰው አልተገኘም። ከሱ ጋር ተስፉ የሚባል ከአስመራ የመጣ አስተርጓሚ ነበረ። ተስፉ ደግ ሰው ነው፤ የአገሩን ሰው ቃል ወደ ጣልያንኛ ሲያሻግር ሹል ሹሉን እያለዘበ ነበር የሚያሻግረው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ሰላምታ ነው። ባንዲራው ሲወጣ በአጠገቡ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ቀኝ እጁን ወደ ላይ እንዲዘረጋ ታዘዘ። አያ ቦጋለ አንድ ጠዋት በዚያ ሲያልፍ ባንዲራው ደረሰበት። ቆመ፤ ግራ እጁንም አነሳ። ካፒታኖው ከበረንዳው ላይ ሆኖ አየውና ፊቱ ቀላ። በወታደር አስጎትቶ አስመጣው።

«ቀኝ እጅህ ምን ሆነ? መንግሥትን ልትሰድብ ነው?»

አያ ቦጋለ ወደ ግንዱ አየ። ቀኝ እጁ ግን ከወገቡ ላይ አልተነቃነቀም።

«ጌታዬ፣ ቀኝ እጄ ሱሪዬን ይዟል። እሱን ያነሳሁ እንደሆነ ነው ስድብ የሚሆነው።»

ተስፉ ተረጎመ። ካፒታኖው ሱሪውን ከላይ እስከ ታች ተመለከተና በግራ እጁ ሂድ የሚል ምልክት ሰጥቶ አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ አያ ቦጋለ «በጓሳ በር ሱሪው ያዳነው ሰው እኔ ብቻ ነኝ» ይል ነበር።

ቀጥሎ ደግሞ የፈቃድ ነገር መጣ። ያለ መንግሥት ፈቃድ ዛፍ የቆረጠ ይቀጣል ተባለ። የአያ ቦጋለ ቤት በክረምቱ መግቢያ ወጋግራው ተሰብሮ ጣራው ተንጋደደ፤ ዝናቡ መደቡ ላይ ይወርድበት ጀመር። ገደል አፋፍ ላይ አባቱ የተከለው ጽድ አለው። ያንን ልቁረጥ ብሎ ወደ ግቢው ሄደ። የዛፍ ጉዳይ የሚታይበት ቀን ዛሬ አይደለም አሉት። በቀኑ ሲመጣ ዛፉ የበቀለው መሬት ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የመሬቱ ጉዳይ ይታይ አሉት። የመሬቱን ጉዳይ የሚያየው ሰው ታሟል አሉት። ሰውየው ሲድን ደግሞ ጉዳዩ የቤት ነው እንጂ የመሬት አይደለም ተባለ። አያ ቦጋለ በአጥሩ ሥር ባናውን ተከናንቦ ቁጭ ብሎ ዶፉን አሳለፈ። ባናው የገዛ እጁ ሥራ ስለነበር እስከ ልቡ ራሰ። ከጎኑ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ሲስቁበት፣ «እኔስ ራሴው ነኝ የሠራሁት፤ የገዙኝ ሰዎች ምን ብለው ይሆን!» እያለ አብሮ ይስቃል።

በመጨረሻ ስሙ ሲጠራ ሰማዩ ጠርቶ፣ አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶት ነበር።

«ጉዳይህ ምንድን ነው?» አለው ካፒታኖው።

አያ ቦጋለ እጅ ነሳ።

«ቤቴ ያፈስ ነበር ጌታዬ። ዝናቡ ግን እርስዎን መጠበቅ ሰልችቶት ሄደ። ሲመለስ አብረን እንመጣለን።»

ነገሩ የከፋው ካፒታኖው የአገሩን ሙያ ላሳድግ ብሎ የተነሳ ጊዜ ነው። በገበያ ቀን ሰዉን ሰብስቦ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ቆመ። መንግሥት ባናችሁን ወዶታል አለ። ትልቅ የባና ቤት ይሠራል፤ ሸማኔ ሁሉ ዕቃውን ነቅሎ ወደዚያ ይገባል፤ ጠጉር ያለው ሁሉ ጠጉሩን ለባና ቤቱ ብቻ ይሰጣል፤ የሚወጣው ባና ለመንግሥት ነው። ከእንግዲህ በቤቱ ሲሸምን የተገኘ ይገረፋል አለ። ተስፉ ይህን ሁሉ አለዝቦ ሊናገር ሞከረ፤ ግን የቱን ያለዝበዋል? ብርዱ እየመጣ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ አደረጉ።

«አሁን ንገሩኝ፤ ከሁላችሁ የሚበልጠው ሸማኔ ማን ነው? እሱን አለቃ አደርገዋለሁ» አለ ካፒታኖው።

የሚበልጠው አያ እንግዳ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። አያ እንግዳ ግን የሰለጠኑ እጆቹን በበርኖሱ ውስጥ ደብቆ መሬት መሬት ያያል። ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ ዘመዶቹን ሁሉ የሚያለብሰው እሱ ነው። እሱ ባና ቤት ከገባ ያ ሁሉ ሰው ራቁቱን ሊቀር ነው። ድንገት ከሕዝቡ መሐል «ቦጋለ ነው!» የሚል ድምፅ ወጣ። «አዎ፣ ቦጋለ ነው! ቦጋለ!» አለ የቀረው ሁሉ ተቀብሎ።

አያ ቦጋለ መጀመሪያ የሚቀልዱበት መሰለውና ሊስቅ ነበር። ዞር ብሎ ሲያይ ግን ስሙን የጠራው ራሱ አያ እንግዳ ነው። ዓይኑ ዕንባ አቅርሯል። ያን ጊዜ ገባው። ወደ ፊት ወጣ፤ ያም ሆኖ ውሸት ከአፉ አልወጣም።

«ጌታዬ፣ እንዳይሳሳቱ። እኔ የሸመንኩትን ያየ በግ ጠጉሬን መልሱልኝ ነው የሚለው።»

ካፒታኖው ተተርጉሞ ሲሰማ ፊቱ በራ። «አያችሁ! እውነተኛ ባለሙያ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። በእኛም አገር እንዲሁ ነው» አለ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ሚስቴን ይጠይቋት!»

«ትሑት ሰው ነው!» አለ ካፒታኖው፣ ይባስ ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። አያ ቦጋለ እውነቱን በተናገረ ቁጥር ሹመቱ ከፍ እያለ ሄደ። በመጨረሻ ዝም ማለት ይሻላል ብሎ ዝም አለ፤ ዝምታውም ጨዋነት ተብሎ ተቆጠረለት። የባና ቤት ካፖ ሆነ። ካፖ በጣልያንኛ አለቃ ማለት ነው።

ቤቱ ሲገባ አትጠገብ እንዝርቷን እያሾረች ነበር። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ደረቱን ነፍቶ፣ «እንግዲህ ካፖ ተብያለሁ፤ ስትጠሪኝ በማዕረጌ ነው» አላት።

አትጠገብ ቀና ብላ የተቀዳደደ በርኖሱን አየችው።

«ካፖውን ሰጡህ፤ ካፖርቱንስ ለማን ሰጡት?»

አያ ቦጋለ ባና ቤቱን እንደሚሸምነው አድርጎ አስተዳደረው። አለመቻሉ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቀመ። ጥሩ ጥሩዎቹን ሸማኔዎች አንድ በአንድ እየጠራ «አንተ አትረባም» እያለ ለካፒታኖው አሳይቶ አሰናበታቸው፤ አያ እንግዳንማ ከሁሉ አስቀድሞ። የቀሩት መወርወሪያ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ የማያውቁ ነበሩ። «ከነዚህ መሐል እኔ እውነትም አለቃ ነኝ» ይላል።

አንድ ቀን ካፒታኖው ካፖውንና አስተርጓሚውን አስከትሎ በየመንደሩ ተደብቆ የሚሸምን ካለ ሊፈትሽ ወጣ። በአያ እንግዳ አጥር ሥር ሲያልፉ ከቤቱ ውስጥ ድም፣ ድም፣ ድም የሚል ድምፅ ተሰማ። ማጉ ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ የጓሳ በር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ካፒታኖው ቆመ።

«ይህ የምንድን ነው?»

ተስፉ ደንግጦ ወደ አያ ቦጋለ አየ። ያን በር የከፈቱት እንደሆነ አያ እንግዳ በግንዱ ላይ ነው፤ የሸሸገው ካፖም ከጎኑ።

«አይግቡ ጌታዬ፣ ነውር ነው! ሚስቱ እየደበደበችው ነው። እኔም ቤቴ ስገባ ልክ እንዲህ ያለ ድምፅ ነው የሚሰማው።»

ካፒታኖው ጥቂት አዳመጠ። ድም፣ ድም ይላል። ከዚያ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ በቶሎ መንገዱን ቀጠለ። እሱም ባለ ትዳር ነበር። በማግስቱ አትጠገብ ወሬውን ሰምታ፣ «ካልክማ እውነት አደርገዋለሁ!» ብላ እንዝርቱን አነሳችበት ይባላል። ይህንንም የሚያወራው ራሱ ነው።

ፊታውራሪ አድማሱ ጣልያን ዳኛ ያደረጋቸው የአገሩ ባላባት ናቸው። ከእጃቸው ፍርፋሪ የማይወድቅ፣ ለራሳቸውም የሚሰስቱ ሰው ነበሩ። ባና ቤቱ በነጻ በርኖስ እንዲሠራላቸው አዘዙና ጠጉሩን ከቤታቸው ላኩ። የላኩት ጠጉር አንድ ድመት አያለብስም። አያ ቦጋለ በጨዋነት ተቀብሎ ያለችውን ሸምኖ አሰፍቶ ወሰደላቸው። ችሎት ላይ ተቀምጠው ሰው ሁሉ እያየ ለበሱት፤ በርኖሱ እንብርታቸው ላይ ቆመ። ሰዉ ሳቁን ዋጠ።

«አንተ ደንቆሮ! ይህ ነው በርኖስ? ቁመቴን አታውቅም?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ። የላኩትን ጠጉር ሳይ ድንክ መስለውኝ ነው።»

ፊታውራሪ ይህን በሆዳቸው ያዙት።

ጥቂት ቆይቶ ከጣልያን አገር የሽመና መኪና መጣ። በበቅሎ ተጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ሰዉ ዳር ዳር ቆሞ አየው። ሲገጠም አንድ ብሎን ጎደለው። ብሎኑ ታዘዘ፤ ብሎኑ ሲመጣ የሌላ መኪና ብሎን ሆኖ ተገኘ። መኪናው ደግሞ የተሠራው ለቀጭን የጥጥ ክር ነው፤ የአገራችንን የበግ ጠጉር ሲያጎርሱት አንቆት ቀረ። ካፒታኖው ግን ይህን ለበላዮቹ አልተናገረም። መኪናው በጨርቅ ተሸፍኖ ሲቀመጥ የዘበኛው ዶሮ ከሥሩ ገብታ ጎጆ ሠራች። አያ ቦጋለም፣ «እዚህ ቤት ሥራ የያዘች እሷ ብቻ ናት» ብሎ እንዳትነካ አዘዘ።

ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሹም የባና ቤቱን ሥራ ሊጎበኝ መጣ። ካፒታኖው ቤቱን አስጠረገ፤ ሸማኔዎቹ እጃቸውን ማንቀሳቀስ ብቻ እንዳያቆሙ ተነገራቸው። አያ ቦጋለም መኪናው አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሹሙ በእርካታ እየዞረ አየና ጨርቅ የለበሰው መኪና ዘንድ ሲደርስ ወደ ካፖው ዞረ።

«ይህ መኪና እስካሁን ምን አመረተ?»

ተስፉ ተረጎመና በዓይኑ ለመነው። ካፒታኖው ከኋላ ሆኖ ጥርሱን ነከሰ። አያ ቦጋለ ውሸት ሊፈልግ ጣራ ጣራውን አየ፤ አልመጣለትም። ጨርቁን ገለጥ አደረገው። ዶሮዋ እየጮኸች በሹሙ እግር መሐል በረረች።

«እስካሁን እንቁላል ነው ጌታዬ። ባናውን ግን ተስፋ አልቆረጥንም።»

ይህን መተርጎም አላስፈለገም። ሹሙ በቅሎው ላይ ከመውጣቱ በፊት ባና ቤቱ እንዲዘጋ፣ አዳራሹም የበቅሎ ጋጣ እንዲሆን አዘዘ። ካፒታኖውን ሳይሰናበት ሄደ።

በማግስቱ አያ ቦጋለ ተይዞ ፊታውራሪ አድማሱ ፊት ቀረበ። ክሱ የመንግሥትን ሥራ ሆን ብሎ አበላሽቷል የሚል ነው። ካፒታኖው ከፊታውራሪው ጎን ተቀምጧል። አትጠገብ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳለች። አያ እንግዳም ከሕዝቡ መሐል አለ፤ እጁን ዛሬ አልደበቀም፤ ነገሩ ከከፋ ቦጋለን የጠቆምኩት እኔ ነኝ ብሎ ሊወጣ ቆርጦ ነው የመጣው። አያ ቦጋለ አይቶት ራሱን ነቀነቀ፤ ተው ማለቱ ነው።

ፊታውራሪው ያቺን አጭር በርኖስ ሳይረሱ፣ «ጥፋትህን ታምናለህ ወይስ ግንዱ ያሳምንህ?» አሉ።

«እኔማ ሽመና አልችልም ብዬ በመጀመሪያው ቀን በገበያ መሐል አምኜ ነበር ጌታዬ። እንቢ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

ተስፉ ይህን ሳያለዝብ እንዳለ ተረጎመው። ካፒታኖው አንገቱን ደፋ። የገበያውን ቀን አስታወሰ፤ የአያ ቦጋለን ትከሻ የመታበትንም እጁን አየ። ሰውየውን ቢያስገርፈው ማን ሾመው ተብሎ ሊጠየቅ ነው። በፊታውራሪው ጆሮ አንድ ነገር አንሾካሾከና፣ ተከሳሹ ከሹመቱ ተሽሮ ይሂድ ተባለ። ሸማኔዎቹም ዕቃቸውን አንስተው እንደ ቀድሞው በየቤታቸው እንዲሸምኑ ተፈቀደላቸው። አትጠገብ ነጠላዋን ከጥርሷ ለቀቀች። ያን ክረምት በጓሳ በር ድም ድም የማይል ቤት አልነበረም፤ ከአያ ቦጋለ ቤት በቀር። አትጠገብ ከእንግዲህ የእኔን ፈትል አትነካም ብላው፣ ጠጉሩን ለአያ እንግዳ ሰጥታ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን፣ የተሻረ ዕለት፣ አያ ቦጋለ የባና ቤቱን ቁልፍ ሊያስረክብ ወደ ግቢው ተመልሶ ነበር። ካፒታኖው ከግንዱ አጠገብ ብቻውን ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። ተስፉ አልነበረም። ካፒታኖው ቁልፉን ተቀበለና በራሱ በተሰባበረ አማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለገ ተናገረው።

«ቦጋለ። አንተ ሥራ አታውቅም። በማታውቀው ሥራ አለቃ ሆንክ፤ ወንበር ላይ ተቀመጥክ፤ ሰው አዘዝክ። አታፍርም?»

አያ ቦጋለ የሚያለዝብለት ሰው ይኖር እንደሆነ ግራ ቀኙን አየ። ማንም የለም። እጅ ነሳ።

«አፍር ነበር ጌታዬ። እርስዎን ሳይ ተጽናናሁ።»